ዕድልና ብልኀት በካርታ ውድድር አዳራሽ

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ሳምንት በሒሳብ ክበብ ስም የቀረበ ንግግር)



ልንናገርበት የመረጥነው ነገር የካርታ ጨዋታ ነው። ይህን ስንል በአዳራሹ ካሉት ወላጆች አንዳንዶቹ ግንባራቸውን ቢቋጥሩ አንፈርድባቸውም። ካርታ የሚለው ስም በአገራችን ብዙ ጊዜ ከቁማር ጋራ ተያይዞ ስለሚነሣ፥ «ልጆቻችንን ወደ ትምህርት ቤት የላክናቸው ለዚህ ነውን?» ብሎ መጠየቅ የተገባ ነው። ስለዚህ ንግግራችንን ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን አድርገን አሰናድተነዋል። ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፤ ዕድል ያለበት ጨዋታ የእውነት ውድድር ሊሆን ይችላልን? ከሆነስ አሸናፊውን ከተሸናፊው የሚለየው ምንድን ነው? ገንዘብ ነው፥ ዕድል ነው፥ ወይስ ትምህርት?

ለምርመራችን የመረጥነው «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» የተባለውን የካርታ ጨዋታ ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ካርታዎቹ እየተገዙ ከሚሰበሰቡባቸው ጨዋታዎች ሁሉ የመጀመሪያውና የውድድር ታሪኩም ረዥም የሆነው እርሱ ስለ ሆነ ነው። በንግግራችን ውስጥ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የጨዋታው ደራሲ አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ሪቻርድ ጋርፊልድ ነው። በ1991 ዓ.ም. የሠራውን አንድ የገበታ ጨዋታ ይዞ፥ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ወደሚባለው ኩባንያ መሥራች ወደ ፒተር አድኪሰን ሄደ። አድኪሰንም ያ ጨዋታ ለማሳተም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ መሆኑን አይቶ፥ በኪስ የሚያዝና ቶሎ የሚያልቅ ጨዋታ ቢሠራለት እንደሚወድ ነገረው። ከዚህ አሳብ የተወለደው ማጂክ በነሐሴ 1993 ለገበያ ወጣ። ዛሬ ከ25,000 የሚበልጡ ልዩ ልዩ ካርታዎች አሉት።

የጨዋታው ሥርዓት በመሠረቱ ቀላል ነው። ሁለት ተጫዋቾች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እያንዳንዳቸው 20 የሕይወት ነጥብ አላቸው፤ የባላጋራውን ነጥብ አስቀድሞ ወደ ዜሮ ያወረደ ያሸንፋል። «መሬት» የተባሉት ካርታዎች «ማና» የተባለውን ኀይል ያስገኛሉ፤ በዚህም ኀይል ሌሎቹ ካርታዎች፥ ማለት ወታደሩ፥ አውሬው፥ አስማቱ ሁሉ ወደ ሜዳ ይወጣሉ። በአንድ ተራ አንድ መሬት ብቻ ስለሚወርድ፥ ኀይል የሚጠራቀመው ቀስ በቀስ ነው።

እኛ ከምናውቃቸው ከገበጣና ከሰንጠረዥ የሚለይበት ግን ሁለት ነገር አለ። በገበጣ ጠጠሩ፥ በሰንጠረዥም ሠራዊቱ ሁሉ በዓይን ይታያል፤ የተሰወረ ነገር የለም። ከዚህም በላይ ሁለቱ ተጫዋቾች የሚጀምሩት በእኩል ኀይል ነው። በማጂክ ግን የባላጋራ እጅ አይታይም፤ የሚመጣውም ካርታ አይታወቅም። ደግሞም እያንዳንዱ ተጫዋች የሚቀርበው ራሱ ከቤቱ መርጦና አሰናድቶ ባመጣው ስብስብ ነው። እንግዲህ ውድድሩ የሚጀመረው በጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት፥ በወረቀትና በእርሳስ ነው ማለት ይቻላል።

የውድድሩ ደንብ እንዲህ ነው። በተለመደው ውድድር አንድ ስብስብ ቢያንስ 60 ካርታ ሊኖረው ይገባል። ከተራዎቹ መሬቶች በቀር ማንኛውም ካርታ ከ4 ቅጂ በላይ አይገባም። ከዚህ ሌላ 15 ተጠባባቂ ካርታዎች ይፈቀዳሉ። ግጥሚያው ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ላሸነፈ ነው፤ ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ ተጫዋቹ እንደ እግር ኳስ አሠልጣኝ ከተጠባባቂዎቹ አውጥቶ መተካት ይችላል። ጨዋታ ሲጀመር እያንዳንዱ 7 ካርታ ይይዛል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ደንቡ «ቢያንስ 60» ይላል እንጂ «60 ብቻ» አይልም። ታዲያ ታላላቆቹ ተጫዋቾች ሁሉ ማለት ይቻላል በትክክል 60 ይዘው የሚቀርቡት ስለ ምንድን ነው? ጀማሪ ሰው የወደደውን ካርታ ሁሉ ማስገባት ያምረዋል። «ሁሉን ያማረሽ ገበያ አትውጪ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ግን እዚህ በቁጥር ይረጋገጣል። በ60 ካርታ ውስጥ 4 ቅጂ ያለው አንድ ካርታ በመጀመሪያው 7 ካርታ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚገኝበት ዕድል ከመቶ 40 ያህል ነው። ስብስቡ ወደ 100 ካርታ ቢያድግ ይኸው ዕድል ወደ 25 ተኩል ገደማ ይወርዳል። ምርጡን መሣሪያውን በብዙ መናኛ ካርታ ውስጥ የሚቀብር ሰው ሲቸግረው አያገኘውም ማለት ነው።

ሁለተኛው ሒሳብ ስለ መሬቶቹ ነው። ከ60ው ካርታ 24ቱ መሬት ናቸው እንበል። በመጀመሪያው እጅ በአማካይ 2.8 መሬት ይገኛል፤ ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን አማካይ ማለት ሁልጊዜ ማለት አይደለም። ከሰባት ጨዋታ በአንዱ ያህል ተጫዋቹ አንድ መሬት ብቻ ወይም ምንም መሬት ሳይኖረው ይጀምራል። እንዲህ ሲገጥመው እጁን መልሶ በውዞ እንደገና መሳብ ይፈቀድለታል፤ ነገር ግን ይህን ባደረገ ቁጥር አንድ አንድ ካርታ ይቀነስበታል። እንግዲህ ጨዋታው ገና ሳይጀመር ከባድ ውሳኔ አለ፤ መጥፎውን እጅ ይዞ ተስፋ ማድረግ ይሻላል ወይስ ዋጋ ከፍሎ መለወጥ? ዕድል ካርታውን ይሰጣል፤ ውሳኔውን ግን ዕድል አይሰጥም።

ይህን የመሰለውን ሒሳብ በትጋት ከመረመሩት አንዱ የኔዘርላንዱ ተወላጅ ፍራንክ ካርስተን ነው። እርሱ ራሱ ስመ ጥር ተወዳዳሪ ሲሆን፥ ለእያንዳንዱ ዓይነት ስብስብ ስንት መሬት እንደሚያስፈልግ እያሰላ የጻፋቸውን ሰንጠረዦች ብዙ ተጫዋቾች ይጠቀሙባቸዋል። ከክፍል ውስጥ የምንማረው የፕሮባቢሊቲ ትምህርት ከመጽሐፍ ወጥቶ ሥራ ሲሠራ ለማየት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላገኘንም።

ቀጥለን ስለ ውድድሩ ታሪክ በጥቂቱ እንናገራለን። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና የተደረገው በ1994 በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ ሲሆን አሸናፊው ዛክ ዶላን ነበር። በዚያን ጊዜ ውድድሩ ገና በእግሩ አልቆመም ነበር። ትልቁ ችግር ከመጀመሪያዎቹ ካርታዎች አንዳንዶቹ እጅግ ኀይለኞች፥ ቍጥራቸውም ጥቂት መሆኑ ነው። ዘግይቶ የጀመረ ወጣት እነርሱን ሊያገኝ አይችልም፤ ቢያገኝም ዋጋቸው አይቀመስም። በዚህ ምክንያት በ1995 መጀመሪያ በቅርብ ጊዜ የታተሙ ካርታዎች ብቻ የሚፈቀዱበት ክፍል ተቋቋመ። ይህም በኋላ «ስታንዳርድ» የተባለው ነው። አሮጌዎቹ ካርታዎች በየጊዜው ከክፍሉ ስለሚወጡ አዲስ ገቢ ሰው ከነባሩ ጋራ ለመሰለፍ ይችላል፤ በአንጻሩ ግን ትናንት የገዛው ነገ ከአገልግሎት ይወጣበታል። አንዱን ችግር ያቃለለው ደንብ ሌላውን ወለደ።

በየካቲት 1996 በኒው ዮርክ «ፕሮ ቱር» የተባለው የገንዘብ ሽልማት ያለበት ታላቅ ውድድር ተጀመረ፤ የመጀመሪያውን ያሸነፈው ማይክል ሎኮንቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ውድድሩ በአሜሪካ፥ በአውሮፓና በእስያ ከተሞች እየተዘዋወረ ተደርጓል። ከተወዳዳሪዎቹም መካከል ሁለት ስሞች ከሁሉ በላይ ይነሣሉ። አንደኛው በ2000 በብራስልስ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው አሜሪካዊው ጆን ፊንክል ነው። ሁለተኛው ጀርመናዊው ካይ ቡደ ሲሆን፥ በ1999 በጃፓን የዓለም ሻምፒዮናን ካሸነፈ ወዲህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰባት የፕሮ ቱር ድሎችን አግኝቷል።

ይህ ሰባት የሚለው ቁጥር ለምን እንደሚያስደንቅ በሒሳብ እናሳይ። አንድ ሊቅ ተጫዋች እንደ እርሱ ካሉ ብርቱዎች ጋራ ሲገጥም ከመቶ ጨዋታ 60ውን ያሸንፋል እንበል። ግጥሚያው ከሦስት ሁለት ላሸነፈ ስለ ሆነ፥ ግጥሚያውን የሚያሸንፍበት ዕድል ከመቶ ወደ 65 ገደማ ከፍ ይላል። ከመጨረሻዎቹ ስምንት ተጫዋቾች አንዱ ሆኖ ዋንጫ ለመውሰድ ግን ሦስት ግጥሚያ በተከታታይ ማሸነፍ አለበት፤ ሲባዛ ከመቶ 27 ያህል ይሆናል። ከዕድል በቀር ሌላ ነገር የሌለው ሰው 12 ተኩል ነው ያለው። ስለዚህ ሊቁ ከተራው ሰው ከእጥፍ በላይ ይበልጣል፤ ይሁን እንጂ ከአራት ጊዜ ሦስቱን ያህል ዋንጫውን ሳይወስድ ይመለሳል። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ከስምንቱ አንዱ ለመሆን የሚደረገውን ትግል ሳንቈጥር ነው።

ስለ ጥያቄያችን የመጀመሪያውን መልስ የምናገኘው ከዚህ ነው። በአንድ ጨዋታ ዕድል ይነግሣል፤ በብዙ ጨዋታ ግን ዕውቀት ይነግሣል። ከብዙ መቶ ሰዎች መካከል ያው ሰው በየዓመቱ ከፊት ረድፍ ሲገኝ፥ «ዕድለኛ ነው» ማለት አይበቃም።

ዕውቀቱስ ምን ዓይነት ነው? የጨዋታው ሊቃውንት በጊዜ ብዛት ያከማቹት ትምህርት አለ። ከእርሱ ሦስቱን ብቻ እንጥቀስ።

አንደኛው የብራያን ዋይስማን ትምህርት ነው። እርሱ በውድድሩ የመጀመሪያ ዓመታት በሠራው ስብስብ ያሳየው፥ ድል የሚገኘው ቶሎ በመምታት ብቻ ሳይሆን አንዱን ካርታ ከፍሎ የባላጋራን ሁለት ካርታ በማስወጣት መሆኑን ነው። ባላጋራ እጁ ባዶ ከሆነ በኋላ ማሸነፊያው አንድ ነገር ቢሆንም ይበቃል። ይህ የቁጠባ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው በ1996 ፖል ስላይ ይዞት ቀርቦ ስሙ ከእርሱ ጋራ የቀረው ስብስብ ነው። ካርታዎቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ብዙዎች የሚንቋቸው፥ ዋጋቸውም ዝቅተኛ የሆኑ ነበሩ። ግን ዋጋቸው እንደ ደረጃ የተደረደረ ስለ ነበረ፥ በመጀመሪያው ተራ የአንድ ማና፥ በሁለተኛው የሁለት እያለ፥ ምንም ኀይል ሳይባክን በየተራው ይሠራ ነበር። ውድ ካርታ የያዘው ሰው ኀይል እስኪጠራቀምለት ድረስ ሲጠብቅ እርሱ ሥራውን ይጨርሳል። ይህ የጊዜ አጠቃቀም ትምህርት ነው። ለተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ምክር የትም አይገኝም።

ሦስተኛው ማይክ ፍሎሬስ በ1999 የጻፈው አሳብ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ስብስቦች ሲገጥሙ እንኳ ከሁለቱ አንዱ አጥቂ፥ ሌላው ተከላካይ መሆን አለበት ይላል። በረዥም ጊዜ የሚበረታው ወገን ይከላከል፤ ጊዜ ሲረዝም የሚደክመው ወገን ያጥቃ። ስፍራውን ያላወቀ ተጫዋች፥ ማለት መከላከል ሲገባው የሚያጠቃ ወይም ማጥቃት ሲገባው የሚጠብቅ፥ ካርታው ምንም ያህል መልካም ቢሆን ይሸነፋል።

ከእነዚህ ሦስቱ በላይ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ሰውን ማጥናት ነው። ስለ ካርታው ያወቀ ተጫዋች፥ በአዳራሹ ያሉት ሌሎቹ ምን ይዘው እንደሚመጡ አስቀድሞ መገመት አለበት። ይህን በምሳሌ እናስረዳ። ሀ፥ ለ፥ ሐ የተባሉ ሦስት ዓይነት ስብስቦች አሉ እንበል። ሀ ከለ ጋራ ሲገጥም ከመቶ 60ውን ያሸንፋል፤ ለ ሐን፥ ሐም ሀን እንዲሁ። አንድ ዓይነት ስብስቦች ሲገናኙ እኩል ናቸው። በአዳራሹ 100 ሰዎች ቢኖሩና 50ው ሀን፥ 30ው ለን፥ 20ው ሐን ቢይዙ፥ በአማካይ ሀ ከመቶ 51፥ ለ 47፥ ሐ 52 ያሸንፋል። ብዙ ሰው የያዘው ሀ ሳይሆን ጥቂቶች የያዙት ሐ በለጠ ማለት ነው።

ወሬው ሲሰማ በሚመጣው ሳምንት 50 ሰዎች ሐን ይዘው ቢመጡና ሀ ወደ 20 ቢወርድስ? አሁን ሀ 48፥ ሐም 49 ይሆናል፤ ባለፈው ሳምንት መጨረሻ የነበረው ለ ግን 53 ሆኖ አንደኛ ይወጣል። ካርታዎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ሰዉ ነው። ስለዚህ «ምርጡ ስብስብ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። «በየትኛው አዳራሽ? በየትኛው ሳምንት?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። የትናንቱን አሸናፊ ብቻ የሚገለብጥ ሰው ሁልጊዜ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ የቀረ ነው።

እንዲህ ያለውን ጥናት አንድ ሰው ብቻውን ሊወጣው አይችልም። ስለዚህ ታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች በቡድን ሆነው ከውድድሩ በፊት ይለማመዳሉ፤ አንዱ የሌላውን ስብስብ ይፈትናል፤ ውጤቱን ይመዘግባል። በ2005 በዮኮሃማ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ጃፓን በግልም በቡድንም አሸንፋለች፤ በግል ያሸነፈው ካትሱሂሮ ሞሪ ሲሆን፥ ኬንጂ ጹሙራም የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

እስካሁን መልካሙን ጐን ተናገርን። መናገር የሚገባን ሌላ ጐንም አለ፤ ክበባችን በብዙ የተከራከረውም በዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፥ የጨዋታውን ደንብ የሚያወጣውና ካርታውን የሚሸጠው ያው አንድ ኩባንያ ነው። አዳዲስ ካርታ ካላወጣ አይሸጥም፤ አዲሱ ካርታ ካልበረታ ገዢ የለውም፤ ከመጠን በላይ ከበረታ ደግሞ ውድድሩን ያበላሻል። ይህ በእርግጥ ደርሷል። በ2003 የወጣው «ሚርሮዲን» የተባለው እትምና ተከታዩ ውድድሩን በአንድ ዓይነት ስብስብ ስላጥለቀለቁት፥ በሰኔ 2004 አንድ ካርታ፥ በመጋቢት 2005 ደግሞ ስምንት ካርታዎች በአንድ ጊዜ ከስታንዳርድ ታገዱ። በ2019 የወጣው «ኦኮ» የተባለ ካርታም በአንድ ታላቅ ውድድር ከቀረቡት ስብስቦች ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ ተገኝቶ፥ ሁለት ወር ሳይሞላው በኅዳር ታገደ። ማገዱ ውድድሩን አድኗል፤ ነገር ግን ለካርታው ብዙ ገንዘብ የከፈሉት ሰዎች ንብረት በአንድ ቀን ዋጋው ወደቀ።

ሁለተኛ፥ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ካርታው የሚሸጠው በታሸገ ፓኬት ሲሆን ገዢው በውስጡ ያለውን አያውቅም። ይህ አገዛዝ ከሎተሪ ብዙ አይርቅም፤ ወላጆች ቢሠጉበት አይፈረድባቸውም። ልምድ ያላቸው ተወዳዳሪዎች ፓኬት እየከፈቱ ዕድላቸውን አይሞክሩም፤ የሚፈልጉትን ካርታ ለይተው ከነጋዴ ይገዛሉ። ቢሆንም ብርቱው ስብስብ ውድ ሊሆን ይችላል፤ ኪሱ የሳሳ ተማሪም ከበሩ ይመለሳል።

ለዚህ ችግር ጨዋታው ራሱ ያስገኘው አንድ መልካም መፍትሔ አለ። ስምንት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ፓኬቱን ከፍቶ አንድ ካርታ ይመርጥና የቀረውን ለጎረቤቱ ያስተላልፋል፤ እንዲህ እያለ ሦስት ፓኬት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ከመረጠው 40 ካርታ ያለው ስብስብ ሠርቶ ይወዳደራል። እዚህ ላይ ከቤት የመጣ ሀብት አይረዳም፤ የሚረዳው ማስተዋል ብቻ ነው። በፕሮ ቱርና በዓለም ሻምፒዮና ይህ ዓይነቱ ውድድር ከቤት ከሚመጣው ስብስብ ጋራ ተቀላቅሎ የሚደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሦስተኛ፥ በጨዋታ ስለ መኖር ነው። ይህን የምንናገረው በተለይ ለጓደኞቻችን ነው። በታኅሣሥ 2018 ኩባንያው 32 ተጫዋቾችን መርጦ በዓመት 75,000 ዶላር የሚያገኙበትን ውል ሰጣቸው። ብዙ ወጣት «እነሆ፥ ጨዋታ ሥራ ሆነ» ብሎ ነበር። ዳሩ ግን ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፥ በግንቦት 2021 ይህ ሊግ ከተያዘው ወቅት በኋላ እንደማይቀጥል ተነገረ። በወረርሽኙ ምክንያትም የአዳራሽ ውድድር ተቋርጦ ነበር። ፕሮ ቱር በአዳራሽ የተመለሰው በየካቲት 2023 በፊላደልፊያ ሲሆን ያሸነፈውም አሜሪካዊው ሪድ ዱክ ነው። እንግዲህ በዓለም ከተመረጡት 32 ሰዎች መካከል የነበረ ሰው እንኳ እንጀራው በሌላ ሰው ውሳኔ በአንድ ቀን ሊቋረጥ እንደሚችል አይተናል። ታላቁ ጆን ፊንክል መተዳደሪያውን ያደረገው በገንዘብ ኢንቨስትመንት ሥራ ነው። ጨዋታውን አልተወውም፤ በ2008 በኩዋላ ሉምፑር እንደገና ፕሮ ቱር አሸንፏል። ግን ኑሮውን በዋንጫ ላይ አልመሠረተም።

ስለ ሥነ ምግባርም ጥቂት ቃል እንጨምር። በውድድር ላይ ተጫዋቹ የስብስቡን ዝርዝር አስቀድሞ ጽፎ ያስረክባል። ካርታውን በግልጥ ይበውዛል፤ ከዚያም ባላጋራው እንዲያቋርጠው ያቀርብለታል። ክርክር ሲነሣ እጅ ተነሥቶ ዳኛ ይጠራል። በውጤቱ ላይ መወራረድ፥ ለባላጋራ ገንዘብ ሰጥቶ ድል መግዛት ወይም አሸናፊውን በዕጣ መወሰን ክልክል ነው፤ ሲያታልል የተገኘም ከውድድር ይታገዳል። በአብዛኛው ውድድር ደግሞ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ሰው ወዲያው አይባረርም። «የስዊስ ሥርዓት» በተባለው ደንብ በየዙሩ ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው እየተገናኙ ይቀጥላሉ፤ ላሸነፈ 3፥ እኩል ለወጣ 1 ነጥብ ይሰጣል። ጧት የተሸነፈ ሰው እስከ ማታ ሊያካክስ ይችላል። ቁማርተኛ የጠፋበትን ለማስመለስ ይጨምራል፤ ተወዳዳሪ ግን የተሸነፈበትን ምክንያት ለማወቅ ይቀመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው ብለን እናምናለን።

አሁን መልሳችንን እንሰብስብ። ዕድል ያለበት ጨዋታ የእውነት ውድድር ሊሆን ይችላልን? ሊሆን ይችላል፤ ግን በሦስት ነገሮች ከተጠበቀ ነው። ጨዋታው ተደጋግሞ ዕውቀት ዕድልን የሚያሸንፍበት ጊዜ ካገኘ፤ መነሻው ለባለጸጋውም ለድኻውም እኩል ከሆነ፤ ደንቡም በማንም ላይ ሳያዳላ ከተጠበቀ። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ግን የወላጆቻችን ሥጋት ትክክል ይሆናል።

በዚህ መሠረት የክበባችን አባላት አንድ ልመና ለትምህርት ቤቱ አስተዳደርና ለወላጆች እናቀርባለን። ካርታውን ማንም ተማሪ በግሉ አይግዛ፤ ክበቡ አንድ የጋራ ስብስብ ይኑረው። ተማሪዎች ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ቀደም ብለን እንደ ገለጽነው በዙር እየመረጡ ይወዳደሩ፤ ሲጨርሱም ካርታዎቹን ሁሉ ወደ ሣጥኑ ይመልሱ። ገንዘብ በምንም መንገድ አይገባበትም። የእያንዳንዱ ግጥሚያ ውጤት በመዝገብ ይጻፍ፤ መዝገቡም ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ መልመጃ ይሁን። አንድ ሴሚስተር ይፈተን፤ የተሳታፊዎቹ የትምህርት ውጤት ዝቅ ካለ ሣጥኑ ይዘጋ። መዝገቡን መምህራን በፈለጉት ጊዜ ይመርምሩት፤ ወላጆችም መጥተው ከአጠገባችን ይቀመጡ፥ ቢወዱም ይጫወቱ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ማናችንም በሕይወታችን የመጀመሪያውን እጅ መርጠን አልተቀበልንም። አንዱ ሰባት መልካም ካርታ ይደርሰዋል፤ ሌላው አንድ መሬት ብቻ ይደርሰዋል። ይህን መካድ ሐሰት ነው። ነገር ግን በስብስባችን ውስጥ ምን እንደምናስገባ፥ የማይረባውንም እንደምናወጣ፥ በየተራችን ያለንን ጥቂት ኀይል እንዴት እንደምንሠራበት የምንወስነው እኛ ነን። መምህራኖቻችን ከጧት እስከ ማታ የሚደክሙልንም በዚሁ ነው።